ቤተሰባችንን ፎቶግራፍ ስናነሳ ፊት ለምን ይጠቁራል?



በየቤታችን ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ወይም በፖስታ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አይጠፋም። አባት በወጣትነታቸው ሱፍ ለብሰው፣ እናት ሹሩባ ተሠርተው፣ ፎቶ ቤት ገብተው በቀለም ከተሳለ መጋረጃ ፊት የተነሱት ነው። ያ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ቢሆንም ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል። ዛሬ ግን በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ አለ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የእናታችን ፊት በትክክል የሚታይበት ስንቱ ይሆን? ቁጭ ብለን ብንቆጥር ብዙዎቻችን ማፈራችን አይቀርም። አንዱ ጨልሟል፤ ሌላው ተቃጥሏል፤ የቀረውም እጅ ተንቀጥቅጦ ፈዟል።

የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ባለሙያ ፎቶግራፍ አንሺ ለማፍራት አይደለም። በሥራና በቤት መካከል ተወጥራ የምትውል እናት፣ በበዓል ቀን ካሜራ ወይም ስልክ ስታነሳ ምን ማድረግ እንዳለባት እንድታውቅ ለመርዳት ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝም በራሴ ላይ የደረሰ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከዚያው ልጀምር።

ታናሽ እህቴ በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ቤይሩት ሄደች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናታችንን በዓይኗ አላየቻትም። እናታችን የስልክ ምስል አትወድም፤ ስልኩን ከጆሮዋ ላይ ለጥፋ መናገር ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ ከደመወዜ ቆጥቤ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ ነበርና፣ የ2015 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት እማዬን አንስቼ ለእህቴ ልልክላት ተነሳሁ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ቀርቧል። እማዬ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ብርሃን ያገኛል ብዬ ካሰብኩት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ካሜራውን ‹አውቶ› ላይ አድርጌ አነሳሁና በዚያው ማታ ላክሁ።

እህቴ ወዲያው ደወለች። «እታለም፣ ነጠላዋን ነው እንጂ እማዬን መቼ ላክሽልኝ? ፊቷ የታለ?» አለችኝ። መልሼ አየሁት። መስኮቱ ቦግ ብሏል፤ ነጠላው ነጭ ነው፤ የእናቴ ፊት ግን ጥላ ብቻ ሆኗል። ዓይኗ እንኳ አይለይም።

በማግሥቱ ፎቶግራፉን በመሥሪያ ቤታችን ለረጅም ዓመታት በሙያው ላገለገሉ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን አሳየኋቸው። ካሜራዬ ተበላሽቶ እንደሆነም ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ካሜራው ደህና ነው፤ እናትሽን ግን አያውቃትም። የሚያውቀው ስንት ብርሃን እንደገባ ብቻ ነው። የትኛው ብርሃን እናትሽ እንደሆነች መንገር የአንቺ ፈንታ ነው» አሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፍላችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸውና ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን ነው።

ካሜራው ምን ያስባል?

በካሜራም ሆነ በስልክ ውስጥ የብርሃን መለኪያ አለ። መለኪያው ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ይወስድና፣ ይህ አማካይ ነጭም ጥቁርም ያልሆነ ግራጫ እንዲሆን አድርጎ ብርሃኑን ይመጥናል። በሙያው ለማመሳከሪያ የሚያገለግለው ግራጫ ካርድ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን ብቻ የሚመልስ ነው። የሚበዙት ትዕይንቶች ብርሃንና ጥላ የተቀላቀለባቸው በመሆናቸው ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በእኛ የበዓል ልብስ ላይ ግን ይሳሳታል። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላና የበራ መስኮት የፎቶግራፉን ቦታ ሲይዙት፣ መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። በቀነሰም ጊዜ አስቀድሞ ጠይም የነበረው ፊት ይጨልማል።

ይህን ለማመን የማንንም ቃል መቀበል አያስፈልግም። እቤታችሁ ሞክሩት። አንድ ነጠላ አጥፋችሁ ከምስሉ ሌላ ነገር እንዳይታይ አድርጋችሁ በቅርብ አንሱ። ከዚያ ጥቁር ጀበና በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጡና እንዲሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልታችሁ አንሱ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ስታዩ ነጠላው አመድማ፣ ጀበናውም ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ካሜራው ነጩን አጥቁሮታል፤ ጥቁሩንም አንጥቶታል። ይህን ያየ ሰው ካሜራ የሚያደርሰውን ስሕተት ግማሹን ተማረ ማለት ነው።

ዘመናዊ ስልኮችና አዳዲስ ካሜራዎች ፊትን ለይተው ለመለካት ይሞክራሉ። ሆኖም ከኋላ መስኮት ሲኖር፣ ወይም ሰውየው ዘወር ሲል፣ እነሱም መሳታቸው አይቀርም።

እሳቱ፣ ጊዜውና ምጣዱ

ብርሃንን የሚመጥኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። እንጀራ ስንጋግር እሳቱ፣ ጊዜውና ምጣዱ መስማማት እንዳለባቸው ሁሉ እነዚህም መስማማት አለባቸው። እሳቱ በርትቶ ጊዜው ከረዘመ እንጀራው ያርራል፤ እሳቱ ደክሞ ቶሎ ከወጣ ሊጥ ይቀራል።

አንደኛው አፐርቸር ነው። ይኸውም በሌንሱ ውስጥ ያለው፣ እንደ ዓይናችን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ ነው። መጠኑ ኤፍ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እየተባለ ይቆጠራል። ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋ መሆኑ ነው። እንጀራ እንደመካፈል አስቡት፤ ለሁለት የተካፈለ እንጀራ ለስምንት ከተካፈለው ይልቅ ትልቅ ቁራሽ ይደርሰዋል። ከላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ስንሄድ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰውየው ኋላ ያለው ነገር ይፈዛል፤ ሲጠብ ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ይላል። ስለዚህ አንድ ሕፃን ብቻዋን ስትነሳ ኤፍ 2.8 ያምራል። በሁለት ረድፍ ለቆሙ ዘመዶች ግን ኤፍ 5.6 ወይም 8 ይሻላል፤ አለዚያ የኋላዎቹ አክስቶች ፈዘው ይቀራሉ።

ሁለተኛው የሸተር ፍጥነት ነው። ሸተር ማለት በብርሃን መቀበያው ፊት ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ ሲሆን፣ የሚለካውም በሴኮንድ ክፍልፋይ ነው፤ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500 እየተባለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ከቀደመው ግማሽ ጊዜ ነው። ከ1/60 በታች ሲሆን እጃችን ተንቀጥቅጦ ምስሉን ሊያፈዘው ይችላል። ለተቀመጠ ሰው 1/125 ይበቃል። ለሚሮጥ ልጅ ግን 1/500 ያስፈልጋል። ልጆቻችሁ በፎቶግራፍ ላይ ባለ ሁለት ጭንቅላት ሆነው የሚታዩት ሸተሩ ስለዘገየ ነው።

ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ የሚባለው ነው። ይህ ካሜራው ብርሃንን ለመቀበል ያለውን ንቃት ይገልጻል፤ ቶሎ እንደሚግል ምጣድ መሆኑ ነው። ቁጥሩ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600 እያለ በእጥፍ ያድጋል። ከፍ ባለ ቁጥር በትንሽ ብርሃንም መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ይኸውም ምስሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ በእኔ አስተያየት ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፊት፣ ነጠብጣብ ከሌለበት ከፈዘዘ ፊት ይበልጣል።

ሦስቱም አንዱ ሲቀንስ ሌላው የሚጨምር መሆኑን ካስተዋላችሁ ነገሩ ይቀላል። ኤፍ 8 ከ1/125 ጋር፣ ኤፍ 5.6 ከ1/250 ጋር፣ ኤፍ 4 ከ1/500 ጋር፣ ሦስቱም የሚያስገቡት እኩል ብርሃን ነው። ልጁ ተቀምጦ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ እየሮጠ ከሆነ የመጨረሻውን ትመርጣላችሁ።

ለመጀመሪያ ልምምድ እነዚህን መነሻዎች ማስታወሻ ላይ ጻፏቸው። በጠራ ፀሐይ አይ ኤስ ኦ 100፣ ኤፍ 16፣ 1/125፤ ወይም ይህንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጠው ኤፍ 8 ከ1/500 ጋር ነው። በበረንዳ ጥላ ሥር አይ ኤስ ኦ 200፣ ኤፍ 5.6፣ 1/250። ቤት ውስጥ፣ በመስኮት ብርሃን፣ አይ ኤስ ኦ 800 ወይም 1600፣ ኤፍ 2.8፣ 1/60። እነዚህ ሕግ ሳይሆኑ መነሻ ናቸው፤ ምስሉ ከጨለመ ወይም ከተቃጠለ አንዱን ቁጥር በአንድ ደረጃ ብቻ ለውጣችሁ ደግማችሁ አንሱ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የምትለውጡ ከሆነ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

የቆዳችን ጥፋት አይደለም

አንዳንድ እናቶች «እኔ ጥቁር ስለሆንሁ ፎቶ አይወጣልኝም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ትክክል አለመሆኑን ልጆቻችን ከአሁኑ ሊያውቁት ይገባል። ነገሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማመሳከሪያ የሚሆን ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም ‹ሸርሊ ካርድ› ተባለ። የሸርሊ ፊት ከተስተካከለ ፎቶግራፉ እንደተስተካከለ ይቆጠር ስለነበር፣ የጠይምና የጥቁር ሰዎች ፊት ዝርዝር ይጠፋ ነበር። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ኩባንያውን ወደ ማሻሻል ከገፋፉት መካከል ቡናማ ቀለም በፊልሙ ላይ በደንብ አልወጣልንም ያሉ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው የሚታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እንግዲህ ቸኮሌቱና ጠረጴዛው ከሰው ፊት ቀድመው አቤቱታ አቅራቢ አገኙ ማለት ነው።

ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሏል። ቢሆንም ለጠይም ፊት ብርሃን መምረጥና መለኪያውን ማረም የአንሺው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሰውየውን አዙሩት። ከሁሉ የሚቀለውና ገንዘብ የማያስወጣው ይህ ነው። እኔ እማዬን ጀርባዋን ለመስኮቱ አስጥቼ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ ባዞራት ኖሮ ያው ብርሃን ፊቷ ላይ ባረፈ ነበር። ከፊት ለፊት ሳይሆን ከአንድ ጎን የሚመጣ የመስኮት ብርሃን የፊትን ቅርጽ አጉልቶ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ በስልክ ስታነሱ ከመጫናችሁ በፊት በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ፊት በጣታችሁ ንኩት። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ በዚያ ጊዜ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትወጣለች፤ ወደ ላይ ስትገፏት ምስሉ ይበራል፤ ወደ ታች ስትስቧት ይጨልማል። ፊቱ በትክክል እስኪታይ አስተካክሉና አንሱ።

ሦስተኛ፣ ካሜራ ያላችሁ ሙሉ በሙሉ ከ‹አውቶ› ወጥታችሁ፣ በአንዳንዱ ላይ ‹ኤ›፣ በሌላው ላይ ‹ኤቪ› ተብሎ ወደተጻፈው ሂዱ። በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን እናንተ ስትመርጡ የሸተሩን ፍጥነት ካሜራው ይመርጣል። ከዚያ የመደመርና የመቀነስ ምልክት (+/−) ያለበትን ቁልፍ ፈልጉ። ነጠላና ነጭ ግድግዳ ሲበዛ +1 አድርጉ፤ ከኋላ የበራ መስኮት ካለና ሰውየውን ማዞር ካልተቻለ እስከ +2 ድረስ መሄድ ይቻላል። በተቃራኒው ጨለማ በበዛበት ክፍል ውስጥ ፊት ብቻ በርቶ ከተቃጠለባችሁ −1 አድርጉ። ነጩ የሚያርመው በመደመር፣ ጥቁሩ የሚያርመው በመቀነስ መሆኑን አትርሱ።

ነገር ግን ሲጨመርም በልክ ነው። የነጠላው ጥበብና የክሩ ሽመና ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ከነጣ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለ ነገር ደግሞ በኋላ አይመለስም። ከሁለት አንዱን መምረጥ የግድ ከሆነ ግን ነጠላው ይቃጠል፤ ፊቱ ይዳን።

አራተኛ፣ ሰዓት ምረጡ። የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትቆም ዓይንን በጥላ ትሸፍናለች። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ዘንበል ያለና ለስላሳ ነው። በቀትር ማንሳት ግድ ከሆነ ሰውየውን ወደ በረንዳ ጥላ አስገቡት፤ ፊቱን ግን ወደ ውጭ፣ ወደ ሰማዩ እንዲያዞር አድርጉ። የስልክ ፍላሽን ለቡና ሥነ ሥርዓት አትጠቀሙበት፤ የቅርቡን ግንባር አንጥቶ የኋላውን ቤት ጨለማ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያዝ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ፊትን ወደ ብርሃን ማዞርን ብቻ ተለማመዱ። በሁለተኛው የመደመርና የመቀነሱን ቁልፍ ሞክሩ። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቻችሁ ሲጫወቱ የሸተሩን ፍጥነት ከ1/60 እስከ 1/500 እየለወጣችሁ ልዩነቱን ተመልከቱ። በበዓል ቀን እጃችሁ አይደናበርም።

እኔም ይህን ከተማርሁ በኋላ፣ በዚያው ወር የመስቀል ዕለት እማዬን ደግሜ አነሳኋት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር። በበሩ ደፍ ላይ፣ ፊቷ ወደ ግቢው ሆኖ፣ ያንኑ ነጠላ ለብሳ ተቀመጠች። አይ ኤስ ኦ 200፣ ኤፍ 4፣ እና +1 አደረግሁ። ፊቷ ከነመስመሩ ወጣ። ለእህቴ ላክሁላት።

በዚህ ጊዜ ወዲያው አልደወለችም። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን፣ «እታለም፣ እማዬ አርጅታለች። ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። እኛ በየቀኑ ስለምናያት ማርጀቷን አላስተዋልንም ነበር። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ደግሞ ዘጠኙን ዓመት በጥላ ውስጥ ሸፍኖት ነበር። ምን እንደምመልስላት ጠፍቶኝ፣ «ካሳዘነሽ አጥፊው» አልኋት። «የበፊቱን አጥፍቼዋለሁ፤ ይኼን አላጠፋም» አለችኝ። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ፈቃድ አግኝታ መጣች።

የፋሲካ ዕለት ሦስታችን አብረን የተነሳነው ፎቶግራፍ አሁን ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የሰዓት ቆጣሪውን በ10 ሴኮንድ ሞላሁና ሮጬ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቤት ፎቶግራፍ የምታነሳዋ እናት ከቤተሰቡ ፎቶግራፎች ሁሉ ትጎድላለች። ልጆቿ ሲያድጉ «እማዬ ያን ጊዜ የት ነበረች?» ብለው ይፈልጓታል። ስለዚህ ወይ ቆጣሪውን ሙሉ፣ ወይ ለትልቁ ልጃችሁ «መጀመሪያ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙር፤ ከዚያ ፊቴን ንካና አንሳኝ» ብላችሁ አስተምሩት።

በዚህ ሳምንት እናታችሁ፣ አያታችሁ ወይም አብራችሁ የምትኖር አክስት ካለች፣ ጠዋት በሩ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ጊዜ አንሷት። ፊቷ በትክክል ታይቶ እንደሆነም ከመነሳቷ በፊት አረጋግጡ።